ለጀማሪ ሹራብ ሠሪ መጀመሪያ ብርድ ልብስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ክረምት ሲቃረብ ሀዋሳ ውስጥ ከፒያሳ እስከ መናኸሪያ ባሉ የክር ሱቆች ሰው ይበረክታል። የሐምሌና የነሐሴ ሌሊት እዚህም ደረብ ያስደርጋል፤ ሀገረ ሰላም ደጋ ላይ ዘመድ ያለው ሰውማ ባዶ እጁን አይወጣም። የአራስ ጥየቃም አለ። ስለዚህ መርፌ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ሁለት ሦስት ልቃቂት ክር ገዝቶ የሕፃን ሹራብ ይጀምራል። ክንዱ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ሥራው በፌስታል ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ይገባል፤ ሠሪውም “እኔ እጄ አይሆንም” ብሎ እርም ይላል።

እጁ ግን ደህና ነው። የተሳሳተው መነሻው ላይ ነው። ሹራብ አንገት አለው፣ ክንድ አለው፣ ዓይን መጨመርና መቀነስ አለው፤ ሁለቱ ክንዶች እኩል ካልመጡ ደግሞ አይለበስም። ብርድ ልብስ አራት ማዕዘን ነው። በአንድ ዓይነት አሠራር ተጀምሮ በዚያው ያልቃል። ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢያጥር ወይም ቢረዝም ማንም አይጎዳም። ስለዚህ ሹራብ የምናስተምር ሰዎች የመጀመሪያው ሥራ ባለ መስመር ብርድ ልብስ እንዲሆን አጥብቀን እንመክራለን። አንባቢዎቻችሁ ክሩን ከመግዛታቸው በፊት እንዲያነቡት ዝርዝሩን ጽፈን ልከናል።

ባለ መስመር ያልንበት ምክንያት ለውበት ብቻ አይደለም። መስመሩ ለጀማሪ መቁጠሪያው ነው። አንድ ቀለም ብቻ ሲሠራ ስፋቱ ቀስ በቀስ ከ80 ሳንቲ ሜትር ወደ 74 ቢወርድ ዓይን አያስተውለውም፤ መስመር ካለው ግን አዲሱን መስመር በመጀመሪያው ላይ አጥፎ ማስተያየት ይበቃል። ስህተት ቢገኝም የሚፈታው እስከዚያ መስመር መነሻ ብቻ ነው።

ከቃላቱ እንነሣ። ዓይን የምንለው መርፌው ላይ ያለችውን እያንዳንዷን የክር ቀለበት ነው። ረድፍ ማለት ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው አንድ ጊዜ ሠርቶ መድረስ ነው። ሁሉም ረድፍ በቀጥታ ዓይን (ክሩ ከሥራው ኋላ ሆኖ በሚሠራው) ብቻ ሲሠራ፣ በየሁለት ረድፉ ጨርቁ ላይ አንድ ከፍ ያለ ሸንተረር ይወጣል። የምንቆጥረው ሸንተረሩን ነው፤ በጣት እየዳሰሱም ይቆጠራል። አንዱን ረድፍ ቀጥታ፣ ቀጣዩን ግልባጭ (ክሩ ከፊት ሆኖ) መሥራት ፊቱ ለስላሳ የሆነ ጨርቅ ይሰጣል። ግን ያ ጨርቅ ጠርዙ ይጠቀለላል፤ የሚጠቀለለው ደግሞ ከባሕርዩ ስለሆነ ቢታጠብም ቢተኮስም ይመለሳል። ቀጥታ ብቻ የተሠራው ግን ፊቱና ጀርባው አንድ ስለሆነ ዝርግ ብሎ ይተኛል። ለብርድ ልብስ የሚሆነው ይኸኛው ነው።

ገበያው ላይ የሚበዛው ክር አክሪሊክ ነው። ለመጀመሪያ ሥራ መልካም ነው፤ ይታጠባል፣ እንደ በግ ሱፍ በሙቅ ውኃ ተኮማትሮ አይጠብቅም። ሻጩ “ሱፍ ነው” ካለና ጥርጣሬ ካለ ትንሽ ቁራጭ በክብሪት ማቃጠል ነው። የበግ ሱፍ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይደቅቃል። አክሪሊክ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ጠጠር ይሆናል። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። ውፍረቱ መካከለኛ የሆነ፣ 100 ግራሙ ወደ 200 ሜትር የሚደርስ ክር ይመረጥ። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ይሁን፤ በጥቁር ክር ላይ ዓይን መለየት ለለመደ ሰውም ያስቸግራል፣ በተለይ ማታ በአንድ አምፖል።

መርፌው 5 ቁጥር ነው፤ ይኸውም ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከዘመድ የተወረሰ ወይም ከውጭ የመጣ መርፌ ላይ ያለው ቁጥር ግን ሌላ ሊሆን ይችላል፦ በአሜሪካ አቆጣጠር ይኸው መርፌ 8 ይባላል፣ በድሮው የእንግሊዝ አቆጣጠር 6። ቁጥሩን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ብርድ ልብሱ እንደ ኬሻ ይደርቅበታል ወይም እንደ መረብ ይሳሳበታል።

አሁን ብዙዎች የሚዘሉት፣ እኛ ግን ከሁሉ አብልጠን የምንወደው ክፍል ላይ ደረስን፤ ናሙናው ላይ። 34 ዓይን ተነሥቶ (ማለትም መርፌው ላይ ተጀምሮ) 34 ሸንተረር ይሠራ። በቀጥታ ዓይን ብቻ የተሠራ ጨርቅ የዓይኑ ቁጥርና የሸንተረሩ ቁጥር እኩል ሲሆን አራት ማዕዘኑ በአራቱም ጎን እኩል ይመጣል፤ ይህ የአሠራሩ ትልቅ ጸጋ ነው። ናሙናው ጠረጴዛ ላይ ሳይለጠጥ ተዘርግቶ መሃሉ ላይ፣ ከጠርዙ ራቅ ተብሎ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዓይን እንዳለ ይቆጠር። እንዲህ ባለ ክርና መርፌ አብዛኛውን ጊዜ 17 ይሆናል። እጁ ጠበቅ የሚል 18፣ ላላ የሚል 16 ያገኛል፤ ሁለቱም ጥፋት አይደለም፣ ሒሳቡ ብቻ ይለወጣል። 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ለማግኘት በ17ቱ 136 ዓይን ይነሣል፤ በ16ቱ 128፣ በ18ቱ 144። ሳይለኩ “መቶ ሃምሳ ይበቃል” ብሎ መጀመር ግን ወይ ሻርፕ ወይ ድንኳን ያመጣል።

ናሙናው ሌላም ይነግራል። የቅመም መመዘኛ ዲጂታል ሚዛን ላይ ይቀመጥና ይመዘን። 20 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነው ናሙና 24 ግራም ቢመዝን፣ 80 በ100 የሆነው ብርድ ልብስ የእሱ 20 እጥፍ ስለሆነ 480 ግራም ክር ይፈልጋል። ርዝመቱ በ17ቱ ሒሳብ 170 ሸንተረር ነው፤ ስለዚህ አንዱ ሸንተረር 2.8 ግራም ገደማ ይበላል። ይህችን 2.8 የያዘ ሰው ክር አያልቅበትም።

በሦስት ቀለም እናስብ፦ ክሬም፣ ሰማያዊና የእንሰት ቅጠል አረንጓዴ። ቅደም ተከተሉ ክሬም፣ ሰማያዊ፣ ክሬም፣ አረንጓዴ፤ ይህ አራት ጊዜ ይደገምና በክሬም ይዘጋል። በድምሩ 17 መስመር ይሆናል፤ ዘጠኙ ክሬም፣ አራቱ ሰማያዊ፣ አራቱ አረንጓዴ። ሁሉንም መስመር እኩል 10 ሸንተረር እናድርግ ካልን ሰማያዊው 40 ሸንተረር ይሆናል፤ ያም 113 ግራም ገደማ ነው። አንድ ልቃቂት 100 ግራም ብቻ! ስለ 13 ግራም ብሎ ሁለተኛ ልቃቂት መግዛት ሊመጣ ነው፤ አረንጓዴውም እንዲሁ። ይልቅ ሰማያዊና አረንጓዴው 8 ሸንተረር፣ ክሬሙ 11 ቢሆን ሁለቱ ባለ ቀለም ክሮች እያንዳንዳቸው 90 ግራም፣ ክሬሙ 280 ግራም ይወስዳሉ። ሦስት ልቃቂት ክሬም፣ አንድ ሰማያዊ፣ አንድ አረንጓዴ፤ አምስት ልቃቂት በቃ። ርዝመቱ 163 ሸንተረር፣ ማለትም 96 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። የጠፋችው አራት ሳንቲ ሜትር ለማንም አትታወቅም። ክሬሙ ግን የሚተርፈው 20 ግራም ብቻ ስለሆነ፣ በክሬም የተሠራው 24 ግራም ናሙና ተፈትቶ ወደ ሥራው መመለስ አለበት። ማስታወሻ ብሎ ያስቀመጠው ሰው መዝጊያው ላይ ክር ያጥረዋል።

አምስቱም ልቃቂት በአንድ ቀን ይገዙ። በልቃቂቱ ወረቀት ላይ ከቀለሙ ቁጥር ጎን የማቅለሚያው ዙር ቁጥር ይጻፋል፤ ሁለት የተለያየ ዙር ክሬም ሱቅ ውስጥ አንድ ይመስልና የቀን ብርሃን ላይ ሲዘረጋ ይለያል። ሰማያዊው ቀለም የሚለቅ መሆኑም አስቀድሞ ይታይ፦ ቁራጩን አርሶ በነጭ ጨርቅ መሃል ግማሽ ሰዓት መጫን ነው። ጨርቁ ላይ ከወጣ፣ ክሬሙም ላይ ይወጣል።

ዓይን ሲነሣ ላላ ይበል። የመጀመሪያው ጠርዝ ከጠበቀ ብርድ ልብሱ ከታች ጠቦ ከላይ ይሰፋል፤ ይህ በኋላ አይታረምም። ስለዚህ ለማንሣት ብቻ 6 ቁጥር መርፌ ይያዝና የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ወደ 5 ይመለስ። የክሩን ጫፍ በረጅሙ ትቶ በሁለት ክር የሚያነሣ ሰው የስፋቱን 3 እጥፍ፣ ከዚያም 30 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ይተው፤ 2 ሜትር ከ70 ገደማ ይሆናል። 136 ዓይን በአጭር ቀጥ ያለ መርፌ ላይ ተጨናንቆ ይወድቃል፣ ክብደቱም ክንድ ያደክማል፤ በገመድ የተያያዘው ጥንድ መርፌ፣ ርዝመቱ 80 ወይም 100 ሳንቲ ሜትር የሆነው፣ ሥራውን ጭን ላይ ያሳርፋል።

ባለ ገመዱ ካልተገኘስ? ሸማኔ ጋቢን በጠባብ በጠባብ ሠርቶ አያይዞ እንደሚያሰፋው ማድረግ ይቻላል። 27 ዓይን በሁለት ቀጥ ያሉ መርፌዎች፣ 165 ሸንተረር፣ በአንድ ቀለም። እንዲህ ያለ አምስት ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 93 ግራም ገደማ፣ ለየቁራጩ አንድ ልቃቂት። ጎን ለጎን ሲሰፉ መስመሩ ቁልቁል የሚወርድ ብርድ ልብስ ይሆናሉ። ስፌቱ የሚያምረው ሸንተረር ከሸንተረር ሲገጥም ነው፤ በየ15 ሸንተረሩ በመርፌ ቁልፍ አስሮ ከዚያ መስፋት መንሸራተትን ይከላከላል።

ወደ ወጥ ብርድ ልብሱ እንመለስ። የመጀመሪያው ረድፍ ሲሠራ ወደ ሠሪው የሚያየው ገጽ ላይ መርፌ ቁልፍ ይሰካ። ያ ፊቱ ነው። ቀለም ሁልጊዜ የሚለወጠው ይህ ቁልፍ ፊት ለፊት ሲታይ ብቻ ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ አዲሱ ቀለም ከፊት በኩል ሲጀመር በፊቱ ላይ መስመሩ እንደ ቢላ ስለት ቀጥ ይላል፣ በጀርባው ደግሞ ሁለቱ ቀለሞች ነጠብጣብ ሆነው ይጠላለፋሉ። አንድ ረድፍ ብቻ ተሳስቶ ከጀርባ የጀመረ ሰው ነጠብጣቡን ፊት ላይ ያገኘዋል። 8ቱ ሸንተረር 16 ረድፍ፣ 11ዱ 22 ረድፍ ነው፤ ሁለቱም ለሁለት እኩል የሚከፈሉ ስለሆኑ ቆጠራው ካልተዛባ ቀለሙ ሁሌም ፊት ላይ ይለወጣል።

አሮጌው ቀለም 15 ሳንቲ ሜትር ጫፍ ተትቶለት ይቆረጥ። አዲሱም 15 ሳንቲ ሜትር ተትቶ የመጀመሪያው ዓይን በእሱ ይሠራ። የመጀመሪያዋ ዓይን ላልታ ትታያለች፤ አትጎተት፣ ሁለት ረድፍ ካለፈ በኋላ ሁለቱን ጫፎች ቀስ አድርጎ ሳብ ማድረግ ያስተካክላታል። ቋጥሮ ከሥሩ መቁረጥን ግን አጥብቀን እንቃወማለን። አክሪሊክ ያንሸራትታል፤ ቋጠሮው ወይ ይፈታል ወይ ከፊት በኩል ብቅ ይላል።

የጀማሪ ትልቁ እንቆቅልሽ ዓይኑ መብዛቱ ነው። 136 የነበረው 141 ይሆናል፤ ብርድ ልብሱም እንደ ቀሚስ ይሰፋል። አብዛኛውን ጊዜ መንሥኤው የረድፉ የመጀመሪያዋ ዓይን ናት። ሥራው ሲገለበጥ ክሩ ከመርፌው በላይ ዞሮ ወደ ኋላ ከተሳበ፣ ያች አንዲት ዓይን ተለጥጣ ሁለት እግሯ ከላይ ይታያል፤ ሠሪውም ሁለት ዓይን መስላው ሁለት ጊዜ ይሠራታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሥራው እንደ ተገለበጠ ክሩ መጀመሪያ ወደ ታች፣ ከፊት በኩል ይውረድ፤ ከዚያ ከመርፌው ሥር አልፎ ወደ ኋላ ይሂድ። አሁን ዓይኗ አንድ መሆኗ ይታያል። መሃል ላይ የሚወጣ ቀዳዳ ደግሞ ክሩ ሳይታወቅ መርፌው ላይ አንድ ዙር ሲጠመጠም የሚመጣ ነው። መሃል ረድፍ ላይ ትቶ ቡና ሊያፈላ የተነሣ ሰውም ሲመለስ መርፌውን አቀያይሮ ይይዝና ወደ ኋላ ይሠራል፤ ክሩ የተንጠለጠለበት መርፌ ሁልጊዜ ቀኝ እጅ ላይ መሆኑን ማስታወስ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ረድፍ ጨርሶ መነሣት ነው።

በየሁለት ሸንተረሩ ዓይን ይቆጠር፤ በየመስመሩ መነሻ ደግሞ በጥልፍ መርፌ ቀጭን የስፌት ክር በ136ቱም ዓይን ውስጥ ይለፍና ይቅር። መፍታት ቢመጣ ሥራው እዚያ ክር ላይ ይቆማል፣ አንዲት ዓይንም አትሸሽም።

ልቃቂት ሲያልቅ መሃል ረድፍ ላይ አይቀጠል። የቀረው ክር በስፋቱ ላይ አራት ጊዜ ተዘርግቶ ካልደረሰ አዲሱ ልቃቂት በጠርዙ ይጀመር። ለመዝጊያውም ቢያንስ አራት እጥፍ ክር ይቆይ፤ በ6 ቁጥር መርፌ፣ ላላ አድርጎ፣ ሁለት ዓይን እየሠሩ የመጀመሪያዋን በሁለተኛዋ ላይ እያሻገሩ መዝጋት ነው።

በመጨረሻ 38 ጫፍ ይቀራል፤ ከ17ቱ መስመሮች 34፣ ከክሬሙ ልቃቂት ቅጥያ 4። ሰው የሚሰላቸው እዚህ ነው፤ ስለዚህ በየመስመሩ መጨረሻ የዚያን መስመር ጫፍ መቅበር ይሻላል። ጫፉ በራሱ ቀለም ሸንተረር ውስጥ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሂድ፣ ይመለስና ሌላ 3 ሳንቲ ሜትር በሌላ መንገድ ይሂድ፤ ያለ መመለስ የሄደ ጫፍ በሁለተኛው እጥበት ይወጣል። ብርድ ልብሱ ለሕፃን ከሆነ ይህ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ የወጣ ክር በሕፃን ጣት ላይ ሊጠመጠም ይችላልና።

ጠቅላላው ከ44 ሺህ ዓይን ይበልጣል። በደቂቃ 20 ዓይን ለሚሠራ ጀማሪ 37 ሰዓት ገደማ ነው፤ በቀን አንድ ሰዓት ለተቀመጠ ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት። በግንቦት መጨረሻ የጀመረ ሐምሌ ላይ ይደርብበታል።

ሲታጠብ በሳፋ፣ ለብ ባለ ውኃ፣ ሳይጠመዘዝ። በፎጣ ጠቅልሎ መጭመቅ፣ ከዚያ ሰሌን ላይ ጥላ ሥር ማስጣት። ገመድ ላይ ከተሰቀለ የውኃው ክብደት ይስበውና ቅርጹን ያጣል። ካውያ አይንካው፤ አክሪሊክ በካውያ አንዴ ከረገበ አይነሣም። ከከሰል ምድጃ ይራቅ፤ ክሩ ሲቃጠል ይቀልጣል፣ የቀለጠውም ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

የክር ነጋዴዎቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። ልቃቂቱን ሲሸጡ ወረቀቱን አይገንጥሉ፤ ክብደቱ፣ ርዝመቱና የማቅለሚያው ዙር ቁጥር ያለው እዚያ ላይ ነው። በ2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ በርካታ የከተማችን ወጣቶች በሳንቲ ሜትርና በግራም መሥራትን ሥራዬ ብለው ይዘውታል፤ የሱቁ ደንበኛም ይህን ቁጥር ማግኘት ይገባዋል።

ለእናንተ ደግሞ፣ ክቡር አዘጋጅ፣ ልመናችን ይህ ነው። ሜትር ቤቱ የሌለው አንባቢ ብዙ ነው። ደብዳቤያችን ከወጣ ከጎኑ ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ በትክክለኛ ልኩ፣ ሳያንስና ሳይበዛ፣ ይታተምልን። አንባቢው ናሙናውን ጋዜጣው ላይ ዘርግቶ 17 ዓይን መሆኑን እዚያው ይቆጥራል።

ሁለት የሹራብ ሥራ አስተማሪዎች
ከሀዋሳ